ስለ ሠላሳ ዘጠኙ ወንበሮች

ቁጥር፦ የለውም (የወጪ ደብዳቤ መዝገቡ ያለው ቅዳሜና እሁድ በማልገባበት ክፍል ውስጥ ነው)
ቀን፦ ፈተናው አምስት ቅዳሜ ሲቀረው

ለተከበሩ የቅዳሜና እሁድ የወጣቶች አመራርና ፈጠራ መርሐ ግብር ዋና አስተባባሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብና በርክክብ ሰነድ ላይ ስለተፈጸመ ስህተት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? ይልቁንም ጉሮሮዎ እንደምን ሰንብቷል? በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሰውን ስለ ማዳመጥ ጥቅም በድምፅ ማጉያ ሲያስተምሩ ትምህርቱ ግቢው በር ድረስ ስለሚደርሰን፣ እኔም ዘበኛውም ስለ ድምፅዎ መጨነቃችን አልቀረም። እኛ ደኅና ነን። የቤተ መጻሕፍቱ የግድግዳ ሰዓትም እንደቆመ ደኅና ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ የዚህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚሁ ክፍል ሠርቻለሁ፤ ተማሪዎቹ “የመጽሐፏ እትዬ” ይሉኛል። መጽሐፉ ያለበት ክፍል ከሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ የእርስዎ ስለሆነ፣ በእነዚያ ሁለት ቀናት “እትዬ” የምትለዋ ብቻ ቀርታልኛለች።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለሁሉም ገሃድ አድርጌ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ በታሸገ ፖስታ ጽፌልዎት ነበር። ለመጀመሪያው መልስ አልመጣም፤ ለሁለተኛው ግን ጸሐፊዎ ሐሳቤን ሠልጣኞቹ በፈጠራ ክፍለ ጊዜ በሠሩት የሐሳብ መስጫ ሣጥን እንዳስገባ በትህትና ነገሩኝ። ሄጄ አየሁት። ቀለሙ ያማረ፣ ማዕዘኑ የተስተካከለ ሣጥን ነው፤ ወረቀት የሚገባበት ቀዳዳ ግን የለውም። ጸሐፊዎን ብጠይቃቸው “ናሙና ነው” አሉኝ። ናሙናውን ዞሬ ዞሬ ካየሁ በኋላ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው መጣሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ምስጋናዬን ከመዘርዘሬ በፊት ከሥሩ ልጀምር። ከሁለት ዓመት በፊት የሂሳብ መምህራችን በዓመቱ አጋማሽ ሥራ ለቀው ሄዱና ምትክ ሳይገኝ ቀረ። ያኔ አሥረኛ ክፍል የነበረችውና እኔው ዘንድ የምትኖረው የእህቴ ልጅ አንድ ዓርብ “አክስቴ፣ ነገ ቁልፉን ይዘሽ አብረሽኝ ትመጫለሽ?” ብላ ጠየቀችኝ። እኛ የምንኖረው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳችንን የሚጋራን ጎረቤት የብረት በርና መስኮት ሠሪ ነው፤ ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ግን ቅዳሜ ዋና የሥራ ቀኑ ነው፣ ብረት ደግሞ በሹክሹክታ አይቆረጥም። ስለዚህ ቁልፉን ይዤ አብሬያት መጣሁ።

አራት ሆነው ማጥናት ጀመሩ። ምዕራፉ የገባው ላልገባው ያስረዳል፤ ማንም ሳይገባው “ገብቶኛል” እንዳይል ተስማሙ። በሚቀጥለው ወር አሥር ሆኑ፣ ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ እኔ መቁጠር ተውኩ፣ እሷ ግን በአንድ ደብተር ላይ መመዝገቧን አልተወችም። አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው፣ አብዛኞቹም እንደ እሷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች። ከቤተ መጻሕፍቱ ወንበሮች ብዙዎቹ ለየስብሰባው በውሰት ሄደው ሳይመለሱ ቀርተው የተረፉት ዘጠኝ ብቻ ስለነበሩ፣ እነሱንም ልብ ወለድ ለማንበብ ለሚመጡ ትንንሽ ልጆች ስለሚለቁ፣ የእህቴ ልጅ በሩ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈች፦ “ወንበር ያመጣ ይቀመጣል፤ ያመጣ ይመልሳል።” በቃ፣ ደንቡ ይኸው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሠላሳ ዘጠኝ ልጅ ሁለተኛ ፎቅ ካሉት ክፍሎች ወንበሩን እየተሸከመ ይወርዳል፣ አሥር ሰዓት ላይ ተሸክሞ ይወጣል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ወንበር አልጠፋም፣ የአንዱ እግር ብቻ ተሰብሮ ነበር፣ እሱንም የበር ሠሪው ጎረቤታችን በየደልኝ። ልጆቹ እሷን “አለቃ” ይሏታል። ለማሾፍ የጀመሩት ስም ነው፤ በኋላ ግን ማሾፉ ተረሳና ስሙ ቀረ።

ከዚህ በኋላ እርስዎ መጡ። ስለ መምጣትዎ የሚከተሉትን ምስጋናዎች እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ርክክቡ አመሰግናለሁ። ከርእሰ መምህሩ ጋር ክፍሉን ሊያዩ የመጡት ቅዳሜ ዕለት ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ሲሠሩ አይተው “ግሩም ድባብ ነው” አሉ፤ ከበስተኋላ ያሉት መደርደሪያዎች ለፎቶ እንደሚመቹም ጨመሩ። ትልቁ አዳራሽ ቅዳሜና እሁድ ባዶውን እንደሚውል በትህትና ባስታውስዎ “አዳራሽ ነፍስ የለውም” ብለው መለሱልኝ። እውነት ነው፣ ነፍስ የነበራት ያቺ ክፍል ናት፤ ነፍሷ ግን መደርደሪያው እንዳልነበረ ለመናገር አፌ ተያዘ። አፌ የተያዘው ደግሞ ወዲያው ዞር ብለው እኔን “ባለድርሻ አካል” ብለው ስለጠሩኝ ነው። ክቡር ሆይ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ብዙ ስም ተጠርቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ማዕረግ ግን ደርሶኝ አያውቅም። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነው። እዚያው ቆሜ፣ ያየሁትን ሁሉ በራሴ እጅ ቆጥሬ ጻፍኩ፦ ጠረጴዛ ስድስት፣ መደርደሪያ አሥራ አራት፣ የግድግዳ ሰዓት አንድ (የቆመ)፣ ወንበር አርባ ስምንት። በሦስት ቅጂ ፈረምኩ። ቁልፉንም በፈገግታ አስረከብኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ከሁሉ ቀድማ ወንበሯን ተሸክማ ወርዳ በሩን ተቆልፎ አገኘችው። ወንበሩን መልሳ ወጣች፣ ልጆቹን አሰናበተች፣ ቤት መጣች። “አክስቴ፣ ቁልፉስ?” አለችኝ። “አስረክቤዋለሁ” አልኳት። “እሺ” አለች፤ ከግድግዳው ወዲያ ብረት እየተቆረጠ ደብተሯን ገለጠች። ብትቆጣኝ፣ ብታለቅስብኝ ይሻለኝ ነበር። ያቺ “እሺ” እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የእኔን ጥፋት በእርስዎ ላይ ለማላከክ እንዳልመጣሁ ይታወቅልኝ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ የተሰጠዎትን ተቀበሉ። አፍሬአለሁ፣ ይህንንም በአደባባይ ጽፌዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ክፍሉን ስላስዋቡልን አመሰግናለሁ። “የነገ መሪዎች ዛሬ” የሚለው ሰፊ ጨርቅ ከአምስተኛው እስከ ስምንተኛው መደርደሪያ ድረስ በሚስማር ተመትቶ ስለተዘረጋ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ የኬሚስትሪ መጽሐፍ የሚፈልግ ተማሪ “ነገ” በሚለው ቃል ሥር አጎንብሶ ይገባና “ዛሬ” በሚለው በኩል ይወጣል። “ጸጥታ ይከበር” የሚለው የሃያ ሁለት ዓመት ጽሑፌ ተነሥቶ “ድምፅህ ይሰማ” በሚል ስለተተካ ልጆቹ በትእዛዙ መሠረት እያሰሙ ነው። ከበሩ በላይም “የፈጠራ ማዕከል” የሚል ተጽፏል። መቼም ለፈጠራ የማይውል ነገር የለምና ትልልቆቹ ሦስት መዝገበ ቃላት ለፕሮጀክተሩ ማስደገፊያ ሆነዋል፤ ሐሙስ ዕለት አንድ ልጅ የአንድ ቃል ፍቺ ቸግሮት ቢጠይቀኝ፣ ቃሉ ከፕሮጀክተሩ ሥር መሆኑን ነግሬው ፕሮጀክተሩን እኔ አንሥቼ እሱ አነበበ። ከግድግዳው መፈክሮች ሁሉ ግን አንዱን ከልቤ ወድጄዋለሁ፤ በመስኮቱ አጠገብ በቀይ የተጻፈው “መሪ ፈቃድ አይጠብቅም” የሚለው። በየቀኑ ከመጽሐፍ ቀና ስል አነበዋለሁ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሦስተኛ፣ ምርጫው ፍትሐዊ ስለነበረ አመሰግናለሁ። አርባ ስምንት ወንበር ስለተገኘ አርባ ስምንት መሪ እንዲመረጥ መወሰኑ አስተዋይነት ነው፤ መሪ በወንበር ልክ ቢሆን ኖሮ ስንት ነገር በቀና። በሩ ከተዘጋባት በኋላ የእህቴ ልጅም አመለከተች። ለመሪነት ብላ አይመስለኝም፤ ወደ ክፍሉ ለመግባት ነው። የማመልከቻው ሰባተኛ ጥያቄ “የአመራር ልምድዎን በዝርዝር ይግለጹ” ይላል። ሌሎቹ ሁለት ገጽ፣ ሦስት ገጽ እንደሞሉ ሰምቻለሁ፤ አንዱ በስድስት ዓመቱ የወንድሞቹ ሰብሳቢ እንደነበር ጽፏል አሉ። እሷ አንድ መስመር ጻፈች፦ “ቅዳሜ ጠዋት ወንበር አወርዳለሁ፣ ከሰዓት እመልሳለሁ።” እንድታሰፋው ለምኛት ነበር። “ሌላ ምን አደረግኩና?” አለችኝ።

ለቃለ መጠይቅ ቀርባም ከአምስት ዓመት በኋላ ራሷን የት እንደምታይ ስትጠየቅ፣ ፈተናውን ካለፈች ዩኒቨርሲቲ፣ ካላለፈች ቤት ብላ መለሰች። መልሱ ራእይ እንደሚጎድለው በደብዳቤ ተገለጸላት። “የአመራር ልምድዎ በቂ ሆኖ ባለመገኘቱ” የሚለውን ደብዳቤ ማኅተም አድርገው መላክዎን ከልብ አደንቃለሁ፤ እኛ ሰፈር ማኅተም ያለው ወረቀት እንዲሁ አይጣልም። የመዝገብ ደብተሯ ውስጥ አጥፋ አስቀምጣዋለች፤ ገጽ ምልክት አድርጋዋለች መሰለኝ።

አራተኛውን ትቼዋለሁ። ስለ መጸዳጃ ቤቱ ነው፤ ርእሰ መምህሩ በቃል ይነግሩዎታል።

አምስተኛ፣ ልጆቹን ስላልረሷቸው አመሰግናለሁ። ከክፍሉ የወጡት ሠላሳ ዘጠኝ ልጆች አንደኛውንና ሁለተኛውን ፎቅ በሚያገናኘው ደረጃ ላይ ተደርድረው ማጥናት ጀመሩ። ደረጃ ለጥናት የሚመች አይደለም፤ ሰው ባለፈ ቁጥር ሁሉም ይነሣል፣ የተማሩት ሁሉ ከመነሣትና ከመቀመጥ ጋር ይደባለቃል። የእርስዎ ሠልጣኞች ደግሞ በየሰዓቱ ለዕረፍት ይወጣሉ። ሆኖም በየደረጃው የፊት ገጽ ላይ በጠመኔ ቀመር መጻፍ እንደሚቻል የእህቴ ልጅ አገኘችው፤ ከታች የተቀመጠው አንደኛውን መስመር፣ ከላይ ያለው ሁለተኛውን ያነባል። ይህ በየትኛው የፈጠራ ዘርፍ እንደሚመደብ ለእርስዎ እተወዋለሁ።

ከባለሙያዎችዎ አንዱ በዚያ ሲያልፍ ፎቶ አነሣቸው። ፎቶው ትልቅ ሆኖ ታትሞ “በመርሐ ግብራችን የተነቃቁ ወጣቶች በዕረፍት ሰዓታቸው ሳይቀር ሲማማሩ” የሚል ጽሑፍ ተጨምሮበት በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል። ጠመኔ ይዛ መሐል የቆመችው የእህቴ ልጅ ናት። ልትገባበት ያልተፈቀደላት በር ላይ፣ ከራሷ ቁመት በላይ ሆና፣ ፈገግ ብላ ትታያለች። ፎቶው ጥሩ ወጥቷል፤ አንድ ቅጂ ለእናቷ እንድልክላት ብትፈቅዱ ደስ ይለኛል።

የ“ማኅበረሰባዊ ችግር ፈቺ” ውድድሩንም ሳላነሣ አላልፍም። አንድ የሠልጣኞች ቡድን የአካባቢውን ችግር ፍለጋ ግቢውን ሲዞር ደረጃው ላይ ደርሶ ቆመና “ዋነኛ ችግራችሁ ምንድን ነው?” ብሎ ጠየቀ። የእህቴ ልጅ “እናንተ ያላችሁበት ክፍል” አለች። በቅጹ ላይ “የቦታ እጥረት” ተብሎ ተሞላ። ከዚያም ስድስት ቅዳሜና ስድስት እሁድ፣ በእኛው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ በእኛው ጠረጴዛ ላይ፣ ከካርቶን የተሠራ የቤተ መጻሕፍት ሞዴል ተገጣጥሞ አንደኛ ወጣ። አይቼዋለሁ፣ በእውነት ያምራል። መስኮቶቹ ላስቲክ ናቸው፣ ወንበሮቹ ከክብሪት እንጨት ተሠርተው በሙጫ ስለተጣበቁ ማንም አያመጣቸውም፣ ማንም አይመልሳቸውም። ልጆቹን አልወቅስም። የኛው ልጆች ናቸው፣ እጃቸውም ጎበዝ ነው፤ ሠርተው ሲጨርሱ ከቡድኑ አንዷ መጥታ “እትዬ፣ እውነተኛው ለምንድን ነው የማይከፈተው?” ብላ ጠይቃኛለች። ጥያቄውን ለእርስዎ እንድታቀርብ መከርኳት። በሣጥኑ በኩል አልኳት።

ስድስተኛውና የመጨረሻው ስለ ወንበሮቹ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድረዝም ይታገሡኝ።

ሥልጠናው በተጀመረ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ገብተው ወንበር የለም። ክቡርነትዎ እሁድ ማታ “ኃላፊነት መውሰድ” በሚል ርእስ ሥልጠናውን ዘግተው ሲሄዱ፣ አርባ ስምንቱም መሪዎች ኃላፊነቱን ወስደው ወንበሩን እዚያው ትተውት ነበር። አንደኛው ክፍለ ጊዜ ቆሞ አለፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየእሁዱ፣ የእናንተ መኪና ከወጣ በኋላ፣ ደረጃው ላይ የዋሉት ልጆች ክፍሉን ዘበኛው ከፍተውላቸው እየገቡ ወንበሮቹን ወደየክፍሉ ይመልሳሉ። ቅዳሜ ጠዋት እንዲያወርዱ የታዘዙት ዘበኛው ነበሩ፤ እሳቸው ግን ወገባቸውን ስለሚያማቸው ይህንንም እነዚያው ልጆች ያደርጉታል። ወንበሩን አውርደው፣ በሩ ድረስ አድርሰው፣ ደረጃው ላይ ሄደው ይቀመጣሉ። ዘበኛው ባለፈው ቅዳሜ ይህን እያዩ “እነዚያ ሁሉ መሪ ከሆኑ ወንበሩን ማን ሊሸከም ነው?” አሉኝ። በወሩ ሪፖርታችሁ ላይ መልሱን አገኘሁት፤ “የድጋፍ ሰጪ ሠራተኞችን ትብብር እናመሰግናለን” ይላል።

እንግዲህ ያንን ሪፖርት ባነበብኩ ማግስት የርክክብ ሰነዱን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ተመለከትኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እኔ ሞኟ አንድ ቅጂ አስቀርቼ ነበር። “ወንበር አርባ ስምንት” ይላል። ፊርማዬም አለበት። እንደምን አርባ ስምንት ሊሆን ቻለ ብዬ ቁጭ ብዬ ሳስብ ነገሩ ገባኝ። የቆጠርኩት ቅዳሜ ዕለት ነው። ሠላሳ ዘጠኙ ልጆቹ ከክፍላቸው ተሸክመው ያመጧቸው፣ አሥር ሰዓት ላይ ተሸክመው ሊመልሷቸው የነበሩ ወንበሮች ናቸው። አንዱን ወንበር ስቆጥር ልጁ ላዩ ላይ ተቀምጦበት ነበር፤ ትንሽ ብድግ እንዲልልኝ ሁሉ ጠይቄዋለሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ወንበር ዘጠኝ ነው። የእኔ ያልሆነውን ሠላሳ ዘጠኝ ወንበር፣ የእኔ ካልሆኑት ከሠላሳ ዘጠኝ ልጆች ጋር፣ በሦስት ቅጂ ፈርሜ ለሰው ሰጥቻለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ስቆጥር የኖርኩ ሰው እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቼ አላውቅም።

ሰነዱን ደግሜ ሳነበው ያልጻፍኩት ነገር መኖሩንም አየሁ። ከመደርደሪያዎቹ በስተኋላ፣ ወደ ጓሮ የሚወጣ የራሱ በር ያለው፣ የተቀደዱ መጻሕፍት ጥገና የሚጠብቁበት ክፍል አለ። ቁልፉ ሁልጊዜ ከቤቴ ቁልፍ ጋር ስለሚታሰር፣ ያን ቀንም ቦርሳዬ ውስጥ ስለነበረ፣ ተረስቶ ቀርቷል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መጻሕፍቱ ወደ ጥግ ቢጠጉ ሃያ ልጅ ይይዛል፣ የቀረው በሩን ከፍቶ በቆርቆሮው ጥላ ሥር ይቀመጣል። ቆርቆሮው ዝናብ ሲመጣ ይጮኻል፣ ግን ከብረት መቁረጫው አይብስም።

ክቡር ሆይ፣ ፈተናው አምስት ቅዳሜ ቀርቶታል። የመጀመሪያው ዙር የምረቃ ሥነ ሥርዓትዎ ለፊታችን ቅዳሜ በአራት ሰዓት መጠራቱን፣ የክብር እንግዶች እንደሚመጡም አንብቤአለሁ፤ ሁለተኛው ዙር ደግሞ በሳምንቱ ተጀምሮ ፈተናው ካለፈ በኋላ እንደሚያበቃ። ለእርስዎ ዙር ነው፤ ሌላም ይመጣል። ለእህቴ ልጅና ለእነዚያ ልጆች ግን ከነዚህ አምስት ቅዳሜዎች ሌላ የለም። ባለፈው ሳምንት ከደረጃው ስትነሣ ስትቀመጥ ውላ ቤት ስትገባ፣ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አንድ ምዕራፍ እንዳልጨረሱ ነገረችኝ። “ብንወድቅ ማንም ጥፋቱ የደረጃው ነው አይልም፣ የእኛ ነው እንጂ” አለች። ይህን ስትል እንደ ወትሮዋ አልሳቀችም።

ስለዚህ በቅድሚያ የምለምነው ይህ ነው። ሁለተኛው ዙር ወደ አዳራሹ ይዛወር። ነፍስ ባይኖረውም ሰፊ ነው፤ ነፍስ ደግሞ ሰው ከገባ በኋላ ቀስ እያለ ይመጣል፣ በእኛ ክፍል ሁለት ዓመት ነው የፈጀው። ልመናዬ እስኪታይ ድረስ ግን የራሴን ስህተት ለማረም የእርስዎን ጊዜ አልሻማም። ሠላሳ ዘጠኙ ወንበሮች ዓርብ ከትምህርት በኋላ በየክፍላቸው እንዳሉ ይቆያሉ፤ ቅዳሜም ዘበኛው የሚያወርዱት ወንበር አይኖርም፣ ወገባቸውም ያርፋል። የጓሮው ክፍል ደግሞ ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ክፍት ነው። ርእሰ መምህሩን አልጠየቅኩም፣ እርስዎንም አልጠየቅኩም። ልደብቅዎ አልችልም፣ እፈራለሁ፤ ጡረታዬ ሦስት ዓመት ቀርቶታል፣ በዚህ ዕድሜዬ መከሰስም መባረርም አያምርብኝም። ነገር ግን በመስኮቱ አጠገብ በቀይ የጻፉትን አራት ወር ሙሉ ሳነበው ኖሬ፣ አንድ ሠልጣኝ እንኳ ሳይፈጽመው ዙሩ ቢያልቅ ለልፋትዎ አዘንኩ።

ስለ ሁሉም ከልብ እያመሰገንኩ፣ ጉሮሮዎን ሙቅ ውሃ እንዲያስለምዱት እየመከርኩ፣ ለክብርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ዘወትር ታዛዥዎ፣ ከቅዳሜ በቀር፣
የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ
(ቀድሞ ባለድርሻ አካል)

ግልባጭ፦
ለርእሰ መምህሩ፣ እንዲያውቁትና ስለ አራተኛው ነጥብ እንዲያስቡበት
ለዘበኛው፣ እንዲያርፉ
ለበር ሠሪው ጎረቤታችን፣ ቅዳሜ እንደልቡ እንዲቆርጥ
ለሐሳብ መስጫ ሣጥኑ፣ ከላዩ ላይ ተቀምጧል

ማስታወሻ፦ ለምረቃው አርባ ስምንት ተመራቂዎችና የክብር እንግዶች ሲመጡ በክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ወንበር ይጠብቃቸዋል። ተጨማሪ ለሚያስፈልገው ሁሉ የቤቱ ደንብ እንደ ድሮው በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ወንበር ያመጣ ይቀመጣል፣ ያመጣ ይመልሳል። ክፍሎቹ ሁለተኛ ፎቅ ናቸው። በመንገድ ላይ እንቅፋት አይገጥማችሁም፤ ደረጃው ላይ የሚቀመጥ ሰው ከእንግዲህ የለም።